የጣራው ብር

የተወለድኩት ሞጆ ነው። ወደብ አለን፣ ባሕር የለንም። ከጅቡቲ የመጣ ኮንቴይነር የሚራገፍበት ደረቅ ወደብ ነው። ይህንን ለፈረንጅ ማስረዳት ጣጣ አለው። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ «ደረቅ ወደብ ማለት ውኃው አልቆበት ነው?» ብላኝ ታውቃለች። ያኔ ስቄ አለፍኩት። ጥያቄው ሞኝነት እንዳልነበረ የገባኝ ቆይቶ ነው፤ ያን ጊዜ የምንሠራባት ከተማ ራሷ በአንድ ወቅት ወደቧን ደለል ሊደፍንባት ምንም ያልቀራት ከተማ ነበረች።

ቦስተን ትባላለች። የአሜሪካዋን አይደለም የምላችሁ፤ ለአሜሪካዋ ስሟን ያወረሰቻት፣ ምሥራቅ እንግሊዝ ሊንከንሽር ውስጥ ያለችው ትንሿ ቦስተን ናት። የምኖረው ፒተርቦሮ ነው። ሁለት የብርድ ወቅት ግን ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ሚኒባስ እየወሰደኝ ቦስተን አጠገብ አትክልት ማሸጊያ ውስጥ ሠርቻለሁ። ጎመኑ በቀበቶ ላይ ይመጣል። ትቆርጫለሽ፣ ትጠቀልያለሽ፣ ሣጥን ውስጥ ትከቻለሽ፣ ሌላው ይመጣል። በአንድ ጎኔ ከሊትዌኒያ የመጣች ሴት፣ በሌላው ከሮማኒያ የመጣ ልጅ። ሁላችንም ጓንት ደርበን ነው የምንሠራው፤ ሁላችንም እጃችን ይደነዝዛል።

አካባቢው እንደ ምጣድ ዝርግ ነው። ድሮ ረግረግ የነበረ፣ ውኃው በቦይ ተጠንፍፎ እርሻ የሆነ መሬት ነው። ተራራ ቀርቶ ጉብታ የለም። ስለዚህ ከተማዋ ሳትታይ በፊት ግንቧ ይታያል። የቅዱስ ቦቶልፍ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ግንብ ነው፤ ከ80 ሜትር በላይ ይረዝማል። የአገሩ ሰው ግን «ጉቶው» ይለዋል። ያን የሚያህል ነገር ጉቶ! ብዙ ማለዳ በሚኒባሱ መስኮት ሳየው ከርሜያለሁ፤ ገብቼ ለማየት ግን አንድም ቀን አላማረኝም።

ምክንያት አለኝ። በመሠራት ላይ ያለ ወይም ተሠርቶ ያለቀ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ሳይ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ጸሎት አይደለም። የሚመጣብኝ ባልዲ ላይ የሚንጠባጠብ ውኃ ድምፅ ነው።

አባቴ የሰፈራችን ደብር ሕንጻ አሠሪ ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ ነበር። መሠረቱ የተጣለው በ1997 ዓ.ም. ነው። ታቦቱ መቃኞ ውስጥ ገባ፤ መቃኞው የቆርቆሮና የጭቃ ነበር፤ ዋናው ሕንጻ ከጎኑ መቆፈር ጀመረ። «በሦስት ዓመት ቅዳሴ ቤቱን እናከብራለን» ተባለ። አባቴ የደረሰኝ ጥራዞቹን በፌስታል ጠቅልሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆልፍባቸው ነበር። የእኛ የልደት ካርድ ያን ያህል አልተጠበቀም።

በዚያው ጊዜ የቤታችን ጣራ ያፈስ ነበር። እናቴ በዕቁብ፣ አባቴ ከደመወዙ እየቀነሰ፣ ለአዲስ ቆርቆሮ ብር አጠራቅመው ነበር። በ1999 ዓ.ም. የንግሥ ዕለት ነው ነገሩ የሆነው። ለሕንጻው ገቢ ማሰባሰቢያ ጨረታ ወጣ። ለስለት የገባ አንድ ያማረ ጥላ ነበር፤ ወርቃማ ዘርፍ ያለው። ዋጋው እየጨመረ ሄደ። አንድ ሺህ። ሦስት ሺህ። ሰባት ሺህ። ከዚያ በሞንታርቦው የአባቴ ስም ተጠራ። አሥራ ሁለት ሺህ። ጥላውንም መልሶ ለቤተ ክርስቲያኑ ሰጠ።

እኔ 13 ዓመቴ ነው፣ ከእናቴ ጋር በሴቶች በኩል ቆሜያለሁ። ሕዝቡ እልል አለ። እማዬም እልል አለች። የእሷ እልልታ ከሁሉም ይረዝም ነበር። እስከ ቤት ድረስ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ቤት ስንገባ ነጠላዋን አጣጠፈች፣ የእኔንና የወንድሜን አልጋ ከግድግዳው ገፋ አደረገች፣ ባልዲውን ቦታው ላይ አስቀመጠች።

ክረምቱን በሙሉ ጧ፣ ጧ፣ ጧ ሲል ከረመ። የሚቀጥለውንም ክረምት።

ከአባቴ ጋር አልተጣላንም፤ ተጣልተን ብንታረቅ ይሻል ነበር። በቃ፣ ስለዚያ ነገር አይወራም። ጣራውን ቀስ በቀስ በየቦታው ጠጋገኑት። ሕንጻው ደግሞ ሲሚንቶ ሲወደድ ይቆማል፣ አንድ ደግ ሰው ሲመጣ ይነሣል፣ ብረት ሲወደድ እንደገና ይቆማል። ሦስት ዓመት የተባለው ወደ 20 ዓመት ተጠጋ።

ባለፈው ብርድ ታዲያ ሚኒባስ ውስጥ እያንቀላፋሁ የወንድሜ ቴሌግራም ገባ። «ጉልላቱ ሊሠራ ነው። አባዬ አፍሮ አይጠይቅሽም። ውጭ ያሉት ሁሉ እያዋጡ ነው።» አንብቤ ዘጋሁት። ሦስት ሳምንት አልመለስኩለትም። በየቀኑ ያንን ጉቶ በመስኮት እያየሁ «ምን አገባኝ» እል ነበር። ለወንድሜ ይሁን ለግንቡ እኔም አላውቅም።

ከዚያ አንድ ጠዋት ማሸጊያው ቀበቶ ተበላሸና «ሂዱ» ተባልን። ሚኒባሱ የሚመጣው ከሰዓት ነው። ዝናብ ነበር። በነጻ ማረፍ የሚቻልበት ጣሪያ ያለው ቦታ ፍለጋ ገባሁ። እውነቱ ይኸው ነው፤ ከዝናብ ለመጠለል ነው ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የገባሁት።

በር ላይ አንድ ሽማግሌ በጎ ፈቃደኛ አስጎብኚ ቆመዋል። እርጥብ ጃኬቴን አይተው ሻይ የት እንደማገኝ ከማሳየታቸው በፊት ቁጥር ጀመሩ። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ አነጋገር ነው፤ ሕንጻው የዓመት መቁጠሪያ ነው ይላሉ። 365 ደረጃ፣ 52 መስኮት፣ 12 ዓምድ፣ 7 በር። ሰዓቱም ሳይቀር አለ፦ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ የሚያወጣው ደረጃ 24 ነው። «ጳጉሜንስ?» ልላቸው አሰብኩ። 13 ወር ላለን ሰዎች አንድ ዓምድ ይጎድለዋል። ዝም ብዬ ሳቅኩ፤ እሳቸውም የሳቅኩት በቁጥሩ መስሏቸው ደስ አላቸው።

ቀጥለው የነገሩኝ ነገር ግን ሳቄን አስቆመው። ይህ ቤተ ክርስቲያን መሠራት ሲጀምር (ታሪኩ የሚቆጠረው ከ1309 ነው፣ ዓመቶቹ ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ናቸው) እዚያው ቦታ ላይ አነስ ያለ የቆየ ቤተ ክርስቲያን ነበር። አላፈረሱትም። አዲሱ በዙሪያው እየተነሣ ሕዝቡ በአሮጌው ውስጥ ማስቀደሱን ቀጠለ።

መቃኞ! ጮክ ብዬ በአማርኛ ነው ያልኩት። ሽማግሌው «ይቅርታ?» አሉኝ። እንዴት እንደማስረዳቸው ጠፋኝ። አገሬም እንዲሁ ነው የሚሠራው አልኳቸው።

ያን ቀን እሳቸውን ስከተል ዋልኩ። በኋላም ስልኬ ላይ ሳነብ ከረምኩ። ታሪኩ እንዲህ ነው።

ቦስተን በዚያ ዘመን ተራ ከተማ አልነበረችም። በ1204 ነጋዴዎች ላይ በተጣለው ግብር ከለንደን ቀጥላ 2ኛ ነበረች። ሀብቷ ሱፍ ነው። የሊንከንሽር ገዳማት በጎቻቸውን ይሸልቱ ነበር፤ ሱፉ በወንዝ ወርዶ በቦስተን መርከብ ላይ ይጫናል፤ ባሕር ተሻግሮ የፍላንደርስ ሸማኔዎች ዘንድ ይደርሳል። ከጀርመን ከተሞች የመጡ ነጋዴዎች እዚሁ ይነግዱ፣ ይከርሙ፣ እዚሁም ይሞቱ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ በ1340 የሞተ የሙንስተር ነጋዴ የመቃብር ድንጋይ አለ። ለሥራ የመጣ የባዕድ አገር ሰው ነው። ድንጋዩ አጠገብ ትንሽ ቆየሁ።

ረግረግ መሬት ድንጋይ የለውም። ስለዚህ ድንጋዩ ሁሉ ከሌላ አገር በውኃ ተጭኖ መምጣት ነበረበት። ያንን ተሸክመው የሕንጻውን ዋና ክፍል እያነሡ ሳሉ በ1349 ወረርሽኙ መጣ፤ ጥቁሩ ሞት የሚሉት። ብዙ ሰው ፈጀ። ሆኖም ቀጠሉ። ዋናው ሕንጻ በ1390 ገደማ አለቀ። የጀመሩት ሰዎች አንዳቸውም አልነበሩም። ልጆቻቸውም ቢሆኑ ከቆዩ በጣም አርጅተዋል።

ግንቡ ግን ገና ነው። እኔን ያስደነገጠኝም ይኸኛው ክፍል ነው። ያ ከየትም የሚታየው ግንብ ከተማዋ በሀብት ጫፍ ላይ ሳለች የተሠራ ይመስለኝ ነበር። ብር ተርፏቸው፣ ለታይታ። አይደለም። ወደ ላይ መነሣት የጀመረው በ1450 ገደማ ነው። ያኔ ጥሬ ሱፍ ወደ ውጭ መላክ እየቀነሰ፣ በምትኩ የተሸመነ ጨርቅ መሸጥ እየበረታ፣ ንግዱም ወደ ለንደን እየተሰበሰበ ነበር። የጀርመን ነጋዴዎች ቀስ በቀስ ለቀቁ። ወንዙ ደለል እየሞላው መርከብ ማስገባት እየተቸገረ ሄደ። ከተማዋ በየዓመቱ ስትወርድ ግንቡ በየዓመቱ ይወጣ ነበር። ጫፉ ላይ ያለው ባለ ስምንት ማዕዘን ክፍል ያለቀው ከ1510 እስከ 1520 ባለው ጊዜ ነው። ከመጀመሪያው ድንጋይ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል። የመርከበኞች ምልክት ነበር ይላሉ፤ ሲያልቅ ግን መርከቡ ራሱ ተመናምኗል።

ታዲያ ብሩ ከየት መጣ? ይህንን የጠየቅኩት እንደ ገንዘብ ያዥ ልጅ ነው። ሽማግሌው «ከነጋዴዎቹ ማኅበራት» አሉኝ። ማኅበር ሲሉ እኛ ከምናውቀው ጽዋ ማኅበር ብዙም አይርቅም፤ አባል ያዋጣል፣ ለሞተው ይጸለያል፣ በበዓሉ አብሮ ይበላል። ከሁሉም ትልቁ የእመቤታችን ማኅበር ሲሆን በ1390ዎቹ የተሠራው አዳራሹ እስካሁን ቆሟል። ይህ ማኅበር ለሚሰጡት ሰዎች የኃጢአት ስርየት የሚያስገኝ ከጳጳሱ የተሰጠ ፈቃድ ነበረው፤ ገቢውም በዚያ ላይ የቆመ ነበር። ፈቃዱ መታደስ ሲያስፈልገው በ1517 ገደማ ወደ ሮም መልእክተኛ ላኩ፤ አብሮ የሄደው ቶማስ ክሮምዌል ነበር። ጆን ፎክስ የተባለው ጸሐፊ፣ እሱም የቦስተን ልጅ ነው፣ የሚተርከው እንዲህ ነው፦ ክሮምዌል ወረፋ ጠብቆ አልሄደም። ጳጳሱ ከአደን ሲመለሱ መንገድ ላይ ጠብቆ፣ በእንግሊዝኛ እያዘፈነ፣ የአገሩን ጣፋጭ አቀረበላቸው። ቀመሱት፤ ወደዱት፤ ፈረሙ።

ይህንን ስሰማ የእኛን ኮሚቴ አየሁት። ባለሀብቱን ለማግኘት ሠርግ ቤት ድረስ የሚሄዱትን፣ ዳቦና ጠበል ይዘው በር የሚጠብቁትን። ያው ክሮምዌል ከዓመታት በኋላ የሄንሪ 8ኛ ቀኝ እጅ ሆኖ የእንግሊዝን ገዳማት አዘጋ። እሱ ካለፈ በኋላም ማኅበራቱ ተራቸው ደርሶ ፈረሱ። ግንቡ ግን አልቆ ነበር። ለጥቂት ነው የደረሰው።

በከተማው የሚነገር አፈ ታሪክም አለ፦ መሠረቱ ያረፈው በሱፍ ጆንያ ላይ ነው ይላሉ።

ሁሉንም ሰምቼ አንድ ነገር ቀረኝ። ታሪኩ «ነጋዴዎቹ ሠሩት»፣ «ማኅበሩ ሠራው» ይላል። ማንም ግን እቤቱ ስለቀረው ሰው አይጽፍም። በ1460 ወይም በ1490 ቦስተን ውስጥ፣ ንግዱ እየሞተ፣ አንድ አባት ለግንቡ ሰጥቶ ወደ ቤቱ የገባበት ማታ መኖር አለበት። ሚስቱ ምን አደረገች? ልጅቷ ምን ሰማች? የ80 ሜትሩ ድንጋይ ስለ እነሱ ምንም አይናገርም። እኔ ግን ያቺን ልጅ የማውቃት መሰለኝ።

ከመውጣቴ በፊት ሽማግሌው ምዕራቡ በር አጠገብ ግንቡ ላይ የተቀረጹ መስመሮችን አሳዩኝ። ጎርፍ የደረሰበት ከፍታ ነው። 1810። 1953። 1978። 2013። በ2013 ታኅሣሥ ባሕሩ በወንዙ በኩል መጥቶ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ድረስ ገብቷል። እያንዳንዱን ጊዜ አደረቁት፣ ጠረጉት፣ መስመሩን ቀረጹ፣ ቀጠሉ። «ማን ከፈለ?» አልኳቸው እንደገና። ሳቁ። ከሕንጻው ታሪክ አንዱን ነገሩኝ። በ1633 ጆን ኮተን የተባለው የዚህ ቤተ ክርስቲያን ካህን ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ ከሱ በፊትም በኋላም ከአካባቢው ብዙ ሰዎች ሄደዋል። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሕንጻው ትልቅ ጥገና ሲያስፈልገው ብር ካዋጡት ውስጥ የአሜሪካዋ ቦስተን ሰዎች ነበሩበት። ሦስት መቶ ዓመት ቆይተው።

ዳያስፖራ ማለት ነው። ቴሌግራም ሳይኖር።

ማታ ቤት ገብቼ አባቴ ጋ ደወልኩ። ለወንድሜ አይደለም፤ ለሱ።

«አባዬ፣ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ነበር።»

«የፈረንጅ?»

«አዎ። የድሮ ነው። ከ80 ሜትር በላይ ግንብ አለው።»

«ሰማንያ!» አለ። ድምፁ ሲነቃ ተሰማኝ። «አፈሩስ? ረግረግ ነው ብለሽን አልነበር? መሠረቱን በምን ያዙት?»

ከመላው ታሪክ የጠየቀኝ ይህንኑ ነው። «በሱፍ ጆንያ ላይ ነው የቆመው ይላሉ» አልኩት። እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

«ልጄ፣ ሱፉ ብሩ ነው። የቆመው በብሩ ላይ ነው ማለታቸው ነው። እኛስ በምን ላይ ያቆምን መሰለሽ? ስንት ዓመት ፈጀ?»

«እስከ ጫፉ ሁለት መቶ።»

«እንግዲያስ እኛ ገና ነን» አለ።

አብረን ሳቅን። ከዚያ ሳላስበው ከአፌ ወጣ። «አባዬ፣ የጣራው ብር ትዝ ይልሃል?»

ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት።

«የጥላው ጊዜ» አልኩት። «አሥራ ሁለት ሺህው።»

«አሥራ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ» አለ። «ጨረታው በአሥራ ሁለት ቆመ፤ በኪሴ የቀረችውን ሦስት መቶ ሃምሳ ጨመርኩበት። ደረሰኙ አለ።»

ምን እንደምል አላውቅም ነበር። ይቅርታ ይላል ብዬ አልጠበቅኩም፤ አላለምም። ትንሽ ቆይቶ እንዲህ አለ፦ «በየክረምቱ ነቅቼ እሰማው ነበር። እናንተ ተኝታችሁ።»

«አልተኛንም ነበር።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ምንም አላልክም?»

«ምን ብዬ?» አለ። «ሰጥቻለሁ። የሰጡትን አያወሩትም፣ አይመልሱትም። እናትሽ እልል ስትል ሰምቻት ነበር፤ ከሁሉም ለይቼ። ያን ቀን ምን እንዳደረግኩ የገባኝ በእሷ እልልታ ነው።»

ይህ ንግግር ሁሉን ነገር አላስተካከለም። አባቴ ያደረገው ትክክል ነው ብዬ ዛሬም መናገር አልችልም። ያንን ግንብ ሳየው አሁንም የሚሰማኝ ውበቱ ብቻ አይደለም። የተለወጠው አንድ ነገር ነው፦ ብዙ ዓመት እኔ ባልዲውን ስሰማ አባቴ ሌላ ቦታ፣ ሕንጻው ጋ፣ ያለ ይመስለኝ ነበር። እዚያው ክፍል፣ መጋረጃው ማዶ፣ ጠብታውን አብሮኝ ሲቆጥር ነበር።

ያን ወር የትርፍ ሰዓቱን ሁሉ ሠራሁና ለእማዬ ላክሁላት። ለጣራ ነው አልኳት፤ ለሌላ አይደለም፤ ማንም አይነካውም። «እሺ ወይዘሮዋ» አለችኝ። ለጉልላቱም እልካለሁ፤ ለወንድሜ ጽፌለታለሁ። ግን በተራው ነው። የአሜሪካዎቹ ሦስት መቶ ዓመት ከቆዩ እኔ ገና 6 ዓመቴ ነው።

ሐምሌ ላይ እማዬ ደወለች። ቆርቆሮው ከዳር እስከ ዳር ተቀይሯል። ባልዲውን ለልብስ ማጠቢያ አውርዳዋለች።

«እና፣ እንዴት ነው?» አልኳት።

«ኧረ ተይኝ» አለች። «አዲስ ቆርቆሮ ዝናብ ሲመታው ጩኸቱ አይጣል ነው። ሌሊቱን ሙሉ ዓይኔ አልተከደነም።»

«አባዬስ?»

«እሱማ» አለች፣ «ያንኮራፋል።»